ኮምፕሬሽን ምንድን ነው?

ጋራዥ ደጃፍ የረገጠ ሰው ሁሉ «ኮምፕሬሽኑ ወርዷል» ሲባል ሰምቷል። ብዙ ጊዜ ተከትሎ የሚመጣው የሞተር ማውረጃ ዋጋ ነው። ስለዚህ ነገሩን ቀድሞ ማወቅ ኪስ ያድናል።

ሞተር ውስጥ ሲሊንደር የሚባል ቱቦ አለ፤ በውስጡ ፒስተን የሚባል ብረት ሽቅብ ቁልቁል ይመላለሳል። ኮምፕሬሽን ፒስተኑ ሽቅብ ሲወጣ ሲሊንደር ውስጥ የገባውን አየር ጨምቆ የሚያምቀው እምቅታ ነው። የቤንዚን ሞተር ከናፍጣ ሞተር የሚለየው በዋናነት እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ በልክ ይጨምቃል፣ ሌላው አጥብቆ ይጨምቃል።

የሁለቱም ዑደት አንድ ነው። ፒስተኑ ይወርድና አየር ይስባል። ይወጣና ይጨምቃል። ነዳጁ ሲቀጣጠል ቁልቁል ይገፋል። መልሶ ይወጣና ጭሱን ያስወጣል። ከአራቱ ምት ጉልበት የሚሰጠው አንዱ ብቻ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሽከረከር ይህ በእያንዳንዱ ሲሊንደር በሴኮንድ 25 ጊዜ ይፈጸማል።

የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው መንፊያው ከታች እንደሚግል ያውቃል። የታመቀ አየር ይሞቃል። የሞተሩም ምስጢር ይኸው ነው።

በአብዛኞቹ የቤንዚን መኪኖች አየሩና ቤንዚኑ ተቀላቅለው ይገቡና ከ9 እስከ 12 እጥፍ ይጨመቃሉ። ከዚያ ካንዴላው ብልጭ ያደርግና ያቀጣጥላቸዋል። የበለጠ ቢጨመቁስ? ድብልቁ ካንዴላውን ሳይጠብቅ በራሱ ሊነድ ይችላል። ያኔ ሞተሩ ዳገት ላይ ቋ ቋ ይላል፣ ፒስተኑም ይጎዳል።

ናፍጣ ሞተር ውስጥ ግን መጀመሪያ የሚገባው አየር ብቻ ነው። ስለዚህ ያለጊዜው የሚነድ ነገር የለም፤ ከ15 እስከ 22 እጥፍ መጭመቅ ይቻላል። አየሩ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። ኖዝሉ በዚያ ሙቀት ላይ ናፍጣ በኃይል ሲረጭበት ያለ ካንዴላ ቦግ ይላል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል ይህን በ1897 እ.ኤ.አ. አውግስበርግ ላይ አሳየ። ሞተሩ ከነዳጁ ሙቀት 26 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ቀየረ። ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር፤ የእንፋሎት ሞተሮቹ እዚያ አይደርሱም። ዛሬም የጭነት መኪና ናፍጣን የሚመርጠው ከአንድ ሊትር ብዙ ጉልበት ስለሚያገኝበት ነው። በሌላ በኩል ያን ሁሉ ግፊት ለመቻል ሞተሩ ወፍራምና ከባድ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ጋራዡ እንመለስ። ፋሻው (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት) ካለቀ፣ ባልቦላው (አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው መክደኛ) በደንብ ካልገጠመ ወይም የቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተር ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ከተቃጠለ የታመቀው አየር ያመልጣል። ቤንዚን መኪና ጉልበቱ ቢቀንስም ካንዴላ ስላለው እንደምንም ይነሳል። ናፍጣ ግን እሳቱ ራሱ ኮምፕሬሽኑ ነው። አየሩ ካልጋለ ስታርተሩ ቢዞርም አይነሳም፣ ነጭ ጭስ ብቻ ይተፋል። አዋሽ ላይ አንድ ጊዜ ሲያዞሩት የሚነሳ መኪና ደብረ ብርሃን አድሮ ጠዋት በግፊ ካልሆነ እምቢ የሚለውም ለዚህ ነው። ደጋው ይቀዘቅዛል፣ አየሩም ሳስቷል። በአዲስ አበባ ከፍታ እንኳ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል አንጻር ሩብ ያህል ይቀንሳል።

እንግዲህ ሞተር ይውረድ ከመባሉ በፊት ኮምፕሬሽኑ ይለካ። በቤንዚን ሞተር ካንዴላው ይፈታል፣ በቦታው መለኪያው ይገባል፣ ስታርተር ይመታል፣ ቁጥሩ ይነበባል። የእያንዳንዱን ሲሊንደር ቁጥር አስጽፉ። ዋናው ነገር እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው፤ አንዱ ብቻውን ካነሰ ችግሩ እዚያ ነው። ያነሰው ላይ ትንሽ ዘይት ጠብ ተደርጎ እንደገና ይለካል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖታልና ያለቀው ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው። ካልተነቃነቀ ባልቦላውን ጠርጥሩ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተቃጠለው በመሃላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ነው። እሱን ለመቀየር ቴስታታውን ማንሳት ይበቃል፤ ሙሉ ሞተር አይወርድም።