የቁልፍ ቃል ፉክክርን መመዘን

ሰው ጉግል ላይ የሚጽፈው ቃል ወይም ሐረግ በሙያው አጠራር ቁልፍ ቃል ይባላል። ፉክክሩን መመዘን ማለት ለዚያ ሐረግ አሁን ከፊት የተሰለፉት ገጾች ምን ያህል ጠንካራ እንደሆኑ አይቶ፣ አዲስ ገጽ በመካከላቸው ቦታ ያገኝ እንደሆነ አስቀድሞ መገመት ነው። ከኤስኢኦ (ድረ-ገጽን በፍለጋ ውጤት ከፊት የማሰለፍ) ሥራዎች ሁሉ የሚቀድም ነው፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ግን ጽሑፉን ከጨረሰ በኋላ ነው።

ለምዘናው መነሻ የሆነው ሊንክ፣ ማለትም ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ማያያዣ ነው። የጉግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ የቀመሩት ፔጅራንክ የተባለው ስሌት አንድን ገጽ የሚመዝነው ሌሎች ገጾች በሚሰጡት ሊንክ ብዛትና ክብደት ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2000 መጨረሻ ጀምሮ ነጥቡን ከ0 እስከ 10 ለክቶ በኢንተርኔት ማሰሻ ላይ በሚጫነው ቱልባሩ በአረንጓዴ መስመር ያሳይ ስለነበር፣ የዚያ ዘመን ባለሙያ ተፎካካሪውን በዓይኑ መዝኖ ይገባ ነበር። ነጥቡ ለሁሉ ሲታይ ግን ገበያ ወጣለት፤ ሊንክ የሚሸጥና የሚገዛው በዛ። ጉግል በ2012 ፔንግዊን በተባለው ማሻሻያ የሊንክ ነጋዴዎችን መታ፣ በ2016 ደግሞ ነጥቡን ጨርሶ ከሕዝብ ዓይን አነሳው።

ዛሬ ያንን ቦታ የያዙት የግል ኩባንያዎች መሣሪያዎች ናቸው። አህሬፍስ፣ ሴምረሽና ሞዝ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ቃል እስከ 100 የሚደርስ የአስቸጋሪነት ነጥብ ይሰጣሉ። አህሬፍስ በዋናነት የሚቆጥረው በፊተኞቹ 10 ውጤቶች ያሉት ገጾች ከስንት የተለያዩ ድረ-ገጾች ሊንክ እንዳገኙ ነው፤ ሌሎቹ የየራሳቸው ስሌት አላቸው። ስለዚህ አንድ ሐረግ እዚህ 20፣ እዚያ 45 ቢያወጣ የሚገርም አይደለም። መለኪያው እርከኑ እኩል የሆነ መሰላልም አይደለም፤ ከ70 ወደ 80 መውጣት ከ10 ወደ 20 ከመውጣት እጅግ ይከብዳል። ጉግል ራሱ በእነዚህ ነጥቦች አይጠቀምም። ከደጅ ቆሞ የቤቱን ወሬ መገመት ነው።

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። ለአስተዋዋቂዎች የተሠራው የጉግል መሣሪያ ኪወርድ ፕላነር «ፉክክር» በሚል ዓምድ ሥር ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ይላል። የሚናገረው ስለ ማስታወቂያ ነው፤ ለቃሉ የሚጫረተው አስተዋዋቂ ብዙ ወይም ጥቂት መሆኑን። ማንም የማያስተዋውቅበት፣ ነገር ግን ዊኪፔዲያና ትልልቅ የዜና ተቋማት ተደላድለው የተቀመጡበት ሐረግ እዚያ ዓምድ ላይ «ዝቅተኛ» ተብሎ ይገኛል።

አስተማማኙ ዘዴ አሰልቺውም ነው፤ ሐረጉን ጽፎ የወጡትን 10 ገጾች አንድ በአንድ ከፍቶ ማንበብ። ገጾቹ የማን ናቸው? የተጠየቀውን በትክክል ይመልሳሉ ወይስ በአጠገቡ ያልፋሉ? መቼ ተጻፉ? ከፊተኞቹ መካከል የፌስቡክ ልጥፍ፣ የቆየ የኢንተርኔት መድረክ ውይይት ወይም ሦስት አንቀጽ ያላት ገጽ ከተገኘ ሰልፉ ላልቷል ማለት ነው፤ የመሣሪያው ነጥብ ምንም ቢል። ጤናና ገንዘብን በሚነካ ጉዳይ ግን ጉግል ለታማኝነት ትልቅ ክብደት ስለሚሰጥ፣ እንዲህ ያለው ክፍተት ለማይታወቅ ጸሐፊ ያን ያህል አይጠቅምም።

«የዶሮ ወጥ አሰራር» የሚለውን እንይ። የሚወጣው ውጤት በአብዛኛው የዩቲዩብ ቪዲዮ ነው፤ ፈላጊው ማየት እንጂ ማንበብ አልፈለገማ። እዚህ ጽሑፍ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚወዳደረው ከገጾች ጋር ሳይሆን ከካሜራ ጋር ነው። «ሽንኩርት ያለ ዘይት ሲቁላላ እንዳያር» ብሎ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ድስቱ እሳት ላይ ነው፤ ሁለት መስመር መልስ ይበቃዋል። እንዲህ ያሉ ረጃጅም ሐረጎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ፈላጊ ቢኖራቸውም ሲደመሩ ብዙ ናቸው። ጉግል እንደሚለው በየቀኑ ከሚቀርብለት ጥያቄ 15 በመቶው ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ ነው።

አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። «ፀሐይ» በሁለቱ ጸና በሦስቱ ሀ ብቻ ስድስት ዓይነት ይጻፋል። «የሥራ ማስታወቂያ» እና «የስራ ማስታወቂያ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለመሣሪያው ሁለት ቁልፍ ቃላት። በቃሉ መጀመሪያ ላይ የ፣ በ፣ ለ ሲጨመር ደግሞ ይበዛል። አንዱን አጻጻፍ ብቻ የመዘነ ሰው ገበያውን በከፊል ነው ያየው። በስልኩ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍም አለ፤ እንጀራን አንዱ በ«አይ» (I) ሌላው በ«ኢ» (E) ይጀምራታል። ዋሽንግተን ተቀምጦ የእንጀራን አጋገር በእንግሊዝኛ የሚፈልገው ደግሞ የሚገባው ሌላ ሰልፍ ውስጥ ነው፤ እዚያ ከፊት የቆሙት ትልልቅ የእንግሊዝኛ የምግብ ድረ-ገጾች ናቸው።

ለአማርኛ ሐረግ መሣሪያዎቹ ብዙ ጊዜ ዜሮ ወይም ባዶ ያሳያሉ። ዜሮ ማለት ግን ፈላጊ የለም ማለት አይደለም፤ መሣሪያው ስለ አማርኛ በቂ መረጃ የለውም ማለት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚረዱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ጉግል መጻፍ ሲጀመር ከሥር የሚዘረዝራቸው ጥቆማዎች፤ ሰው ከጠየቀው ነው የሚመጡት። ሁለተኛው ሰርች ኮንሶል የተባለው የጉግል መሣሪያ ነው፤ የራስ ድረ-ገጽ በየትኞቹ ሐረጎች እንደታየና በስንተኛ ደረጃ ላይ እንደነበር ያሳያል። ሲከፈት ጸሐፊው ያላሰበው ሐረግ 12ኛ ወይም 15ኛ ላይ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። ያንን ገጽ አሻሽሎ ወደ ላይ መግፋት አዲስ ገጽ ጽፎ ከዜሮ ከመነሳት ይቀላል።