የድሬዳዋና የሐረር ዛፎች ሕመም፦ መለያውና ሕክምናው

ክረምት ሊገባ ሲል በቀይ አበባ የሚጥለቀለቀው ዛፍ በአማርኛ «የድሬዳዋ ዛፍ» ይባላል፤ ትውልዱ ግን ማዳጋስካር ነው። በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረችው ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሙቀቷን የሚያውቅ ሰው የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አይጠፋውም። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ሲኬድ የምትገኘው ሐረር 1,900 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ በመካከላቸው ያለው 700 ሜትር ደግሞ የዛፎቹን ሕመም ይለያየዋል።

ሐረር ላይ ቅዝቃዜውና እርጥበቱ ለቅጠልና ለፍሬ ፈንገስ ይመቻል። የቡናን ፍሬ ገና በለጋነቱ አጥቁሮ የሚያደርቀው ሲቢዲ በኢትዮጵያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ የሚበረታውም በእንዲህ ያለ ደጋማ ቦታ ነው። ድሬ ላይ ግን ዛፍ በአብዛኛው የሚታመመው ከሥሩና ከግንዱ ነው፤ ድርቅና ፀሐይ ያዳክሙታል፣ ሰው ያቆስለዋል፣ ፈንገሱ በቁስሉ ይገባል።

ከነዚህ ሁሉ የከፋው የግንድ ብስባሽ ነው። ጋኖደርማ የተባለው ፈንገስ የድሬዳዋ ዛፍን አጥብቆ ይወዳል። ምልክቱ ከግንዱ ግርጌ እንደ መደርደሪያ የሚወጣ ጠንካራ እንጉዳይ ነው፤ ላዩ ቡናማ፣ የታችኛው ገጹ ነጣ ያለ። እንጉዳዩን ገንጥሎ መጣል ምንም አይፈይድም፤ እሱ በወጣበት ጊዜ ፈንገሱ ውስጡን ለዓመታት በልቶታል። አናቱ አረንጓዴ መሆኑም አያጽናናም። ውሃ የሚያሳልፈው የውጪው እንጨት ስለሆነ፣ ዛፉ ልቡ ባዶ ሆኖም ቅጠል ያወጣል፤ ከዚያ አንድ ቀን ነፋስ ይጥለዋል። ባለሙያ ግንዱን ዙሪያውን በእንጨት መዶሻ እያንኳኳ ይሰማል፤ ጤነኛው ደረቅ ድምፅ ሲሰጥ ባዶው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ከዚያ በቀጭን መሰርሰሪያ ይለካል። እንደ ግምት መነሻ፣ ውፍረቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግንድ ዙሪያውን ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ እንጨት ሊኖረው ይገባል፤ ከዚያ ካነሰ ቤትና መንገድ አጠገብ ማቆየቱ አደገኛ ነው።

መድኃኒት ስለሌለው መከላከሉ ላይ ነው ሥራው። ውሃና ምግብ የሚስቡት ሥሮች አብዛኞቹ ከላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር አይወርዱም። ስለዚህ ለቧንቧ ወይም ለአጥር የሚቆፈር ቦይ 30 ሴንቲ ሜትር ከወፈረ ግንድ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ቅርንጫፍ በመጥረቢያ አይመታም፣ አናትም አይጨፈጨፍም። አገራረዙ ሦስት ቁርጥ አለው፦ በመጀመሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከሥር ወደ ላይ አንድ ሦስተኛውን፤ ቀጥሎ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች፣ ቅርንጫፉ ቅርፊት ሳይልጥ እንዲወድቅ፤ በመጨረሻ የቀረውን ጉቶ ቅርንጫፉ ከግንዱ ሲወጣ የሚያብጠውን አንገት ሳይነኩ። ቁስሉን የሚደፍነው ያ አንገት ነው፤ አብሮ ከተቆረጠ ቁስሉ ክፍት ይቀራል። ሲሚንቶም ሆነ ሬንጅ መለጠፍ እርጥበቱን ከማፈን በቀር አይጠቅምም። መጋዙ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገር በ70 በመቶ አልኮል ይወልወል። 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃም ይሆናል፤ ብረት ስለሚበላ ግን በኋላ ታጥቦ ዘይት ይቀባ። ግንድን በኖራ ማቅለምስ? በሽታ አያድንም፤ ጥላው የተገፈፈ ቅርፊት በድሬ ፀሐይ እንዳይቃጠል ግን ይረዳል።

ብርቱካንና ሎሚ ከግንዳቸው ሙጫ ሲያለቅሱ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ፋይቶፍቶራ ነው፣ እርጥብ አፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ መሰል ተሕዋስ። ግንዱ ሥር ውሃ ማቆር ወይም የተዳቀለበትን መገጣጠሚያ አፈር ማልበስ ይጋብዘዋል። አፈሩ ከግንዱ ይገለጥ፣ ውሃው ራቅ ባለ ቀለበት ይፍሰስ፣ የጠቆረው ቅርፊት በስለታም ቢላ እስከ ጤነኛው ተፍቆ ቦርዶ ይቀባ።

ቦርዶ ከመዳብ ሰልፌትና ከኖራ ይሠራል። ለቅብ ከሁለቱም 1 ኪሎ ግራም በ10 ሊትር ውሃ፤ ለርጭት ከሁለቱም 100 ግራም በዚያው መጠን። መዳቡና ኖራው በተለያየ የፕላስቲክ ባልዲ ይሟሙ፤ የብረት ባልዲ መዳቡ ይበላዋል። መዳቡ እየተማሰለ ኖራው ላይ ይፈስሳል። ከዚያ ንጹሕ ሚስማር ለአንድ ደቂቃ ይነከራል፤ ቀልቶ ከወጣ ኖራ አንሷል፣ እንዲህ ቢረጭ ቅጠል ያቃጥላል። የተበጠበጠው በዕለቱ ያልቅ።

ማንጎ ሲያብብ ዱቄት የሚመስለው የአመዳይ ፈንገስ አበባውን ያረግፋል። የሚሟሟ ድኝ፣ 80 በመቶው ዓይነት፣ ከ20 እስከ 30 ግራም በ10 ሊትር ውሃ ይረጫል። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ግን ድኙ ራሱ ቅጠሉን ይጠብሰዋልና ድሬ ላይ በማለዳ ቀዝቃዛ ቀን መርጦ መርጨት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በምዕራብ ኢትዮጵያ ታይቶ የተስፋፋው ነጭ የማንጎ ተባይ ደግሞ ቅጠሉ ላይ ነጭ ጠብታ ይመስላል፤ የታፈነ አናት ማሳሳትና ለተክል የተዘጋጀ ዘይት መርጨት ይቀንሰዋል። ዘይትና ድኝ ቢያንስ የሁለት ሳምንት ልዩነት ይፈልጋሉ።

ቢጫነት ሁሉ በሽታ አይደለም። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛበታል፤ ኖራማ አፈር ላይ ዛፍ ብረት መሳብ ያቅተዋል። ለጋው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ አረንጓዴ ከቀረ፣ የሚያስፈልገው ፀረ ፈንገስ ሳይሆን ኖራማ አፈር ውስጥ የሚሠራ የብረት ማዳበሪያና ኮምፖስት ነው።

በአካባቢው ዛፍ ብቻ የሚያክም ባለሙያ በቀላሉ አይገኝም፤ የግብርና ባለሙያና በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ጤና ዕውቀት አላቸው። ናሙና ሲወሰድ የሞተው ብቻውን አይበቃም፤ የታመመውና ጤነኛው የሚገናኙበት ቅጠልና ቅርፊት በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ቀጫጭን ሥር ከነአፈሩ በላስቲክ ታስሮ ጥላ ውስጥ ይያዝ። ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ ግርጌውን አይቶ ስለ ውሃው፣ ስለ ቁፋሮውና መቼ እንደተቆረጠ ይጠይቃል። ሊያቆየው የሚፈልገውን ዛፍ በሹል ብረት ጫማ አይወጣም፣ ብረቱ የወጋው ሁሉ ቁስል ነውና። የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ደግሞ ኃይሉ ሳይቋረጥ ሥራ አይጀምርም።

በጋኖደርማ የተበላ ዛፍ ከተቆረጠ ጉቶውና ወፍራም ሥሮቹ ተነቅለው ይወገዱ፤ ፈንገሱ በቀረው ሥር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። አዲሱ ችግኝ ከዚያ ጉድጓድ ጥቂት ሜትር ፈንጠር ብሎ ይተከል።