«ሞተር ደብቀው ነው እንጂ!»

ለገና ደብረ ብርሃን እህቴ ቤት ተሰብስበን በስልኬ የሸራ ጀልባ ውድድር አሳየኋቸው። ስዊዘርላንድ ስማር ጄኔቭ ሐይቅ ላይ ከአማተሮች ጋር የተወዳደርኩበት ነው። አጎቴ ትንሽ አዩና «ነፋሱ ከፊት እየመጣ እንዴት ወደ ፊት ይሄዳሉ? ሞተር ደብቀው ነው እንጂ!» አሉ። ስንት ሰው እንዲህ እንዳለኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ዛሬ ይውጣልኝ።

«የሸራ ጀልባ ነፋስ ወደ ወሰደው ብቻ ነው የሚሄደው»

አይደለም ጋሼ። አሹቅ ሲበሉ ባቄላውን በሁለት ጣት ጨመቅ ያደርጉታል አይደል? ከልጣጩ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ጣትዎ የገፋው ከጎን፣ ባቄላው የሄደው ወደ ፊት። ጀልባም እንደዚያው ነው። ከላይ ነፋሱ ሸራውን ወደ ጎን ይገፋል። ከሥር ደግሞ ውሃ ውስጥ የገባው ሳንቃ «ወደ ጎን አልንሸራተትም» ይላል። በሁለቱ መሃል የተጨመቀው ጀልባ መውጫው ወደ ፊት ነው። ሸራውም ዝም ብሎ የተዘረጋ ጨርቅ አይደለም። እንደ አውሮፕላን ክንፍ ይጎብጣል፣ በጎበጠው ጀርባው በኩል የአየር ግፊቱ ይቀንሳል።

በቀጥታ ወደ ነፋሱ ግን አይኬድም፤ ሸራው ይርገበገብና ጀልባው ይቆማል። ስለዚህ 45 ዲግሪ ገደማ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ። ከደብረ ሲና ጣርማበርን የወጣ ሰው ይህን ማወቅ ነበረበት። አውቶቡሱ ለምን ገደሉን ቀጥ ብሎ አይወጣም ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም! ወደ ነፋሱ 1 ኪሎ ሜትር ለመጠጋት 1.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይኬዳል። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ያላመነ ፓይታጎረስን ያውጣና ያስላ።

«ትልቅ ሸራ ያለው ያሸንፋል»

ነፋስ ሲበረታ ሸራ ይቀነሳል። አለዚያ ጀልባው ይጋደማል።

«ቀድሞ የገባ አሸነፈ»

ጀልባዎቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ አዎ። ካልሆኑ ሰዓቱ እንደየጀልባው ዓይነት ይስተካከላል፣ ሦስተኛ የገባው ዋንጫ ሊወስድ ይችላል።

«የሀብታም ጨዋታ ነው»

ጀልባው ውድ ነው፣ አልክድም። እኔ ግን ምንም ሳይኖረኝ ነው የገባሁት፤ ገመድ የሚስብላቸው ሰው ጎድሏቸው ነበር። በዚያው ሐይቅ ከ1939 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው ቦል ዶር የሚባል የሸራ ጀልባ ውድድር 123 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱም ላይ አማተሮች ይገባሉ።

«ቀዳሚውን ተከትሎ መሄድ ነው»

ከአጎቴ ቀጥሎ ያናደደኝ ይሄ ነው። የቀዳሚው ሸራ ነፋሱን ያበላሸዋል፤ ከኋላው የተለጠፈ የሚደርሰው ትርፍራፊ ነው።

ቪዲዮው ላይ ያለው ውድድር መጨረሻ ላይ በአንድ ጀልባ ርዝመት ተቀድመን ነበር። መሪያችን ከነሱ ኋላ ወጥቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። አበደ ብዬ ነበር። እሱ ግን ሐይቁ ላይ ጠቆር ያለ ሞገድ አይቷል፤ ነፋስ ሲመጣ ውሃው እንዲያ ይጠቁራል። አባቴ መንዝ አውድማ ላይ መንሹን ይዞ ማዶ ያለውን ሣር የሚያየው ለዚሁ ነበር። ሣሩ ሲተኛ ገብሱን ያነሳል።

ነፋሱ በእኛ በኩል መጣልን። ከነሱ ጋር ስንገናኝ ነፋሱ ለእኛ ከቀኝ፣ ለነሱ ከግራ ነበር። በሕጉ ነፋስ ከቀኙ የሚመጣለት ጀልባ መንገዱ የእሱ ነው። ከኋላችን ዞረው አለፉ። መስመሩን በአንድ ክንድ ቀደምናቸው።

አጎቴ እዚህ ድረስ አላዩትም። ስልኩን መልሰውልኝ ቡናው ደርሷል ወይ እያሉ ነበር።