የነርሲንግ አመራርና የሙያ ባህል በማኅበረሰብ ሆስፒታል

የማኅበረሰብ ሆስፒታል የሚባለው በዙሪያው ለሚኖረው ሕዝብ አጠቃላይ ሕክምና፣ የወሊድ፣ የድንገተኛና የተለመዱ የቀዶ ሕክምና አገልግሎቶችን የሚሰጥ፣ ዋና ተልዕኮው ምርምር ወይም ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን ያልሆነ የሕክምና ተቋም ነው። በእንዲህ ያለ ተቋም ስፔሻሊስቶች ጥቂቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ሲጠሩ ብቻ የሚመጡ በመሆናቸው፣ በተለይ ሌሊት ላይ የታካሚው ሁኔታ መለወጡን ቀድመው የሚያዩትና ሐኪም ይጠራ አይጠራ የሚለውን የሚወስኑት ነርሶች ናቸው። ስለዚህ የነርሲንግ አመራር እዚህ ቦታ የሠራተኛ አስተዳደር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሕክምናው ጥራት በአብዛኛው የሚወሰንበት ነው።

ነርሶች በነርስ ይመሩ የሚለው መርሕ በዘመናዊ መልኩ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከክራይሚያ ጦርነት ከተመለሰች በኋላ በእሷ ስም በተሰበሰበ ገንዘብ በ1860 እ.ኤ.አ. በለንደኑ የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ ከዚያ የወጡ ነርሶችም በየሆስፒታሉ ሜትረን፣ ማለትም የነርሶች የበላይ ኃላፊ፣ እየሆኑ ሥርዓቱን ወሰዱት። ሜትረኗ የነርሶችን ቅጥር፣ ምደባና ሥነ ምግባር በእጇ ይዛ ነበር። ይህ ውርስ ለሙያው ክብርን ሲያጎናጽፍ ጥብቅ የበላይና የበታች ልማድንም አብሮ አስገብቷል።

ዛሬ በመካከለኛ መጠን ባለ ሆስፒታል አመራሩ የነርሲንግ ዳይሬክተርን፣ የማታና የበዓል ቀን ሱፐርቫይዘሮችን፣ የየዋርዱን (ታካሚዎች የሚተኙበትን ክፍል) ኃላፊ ነርሶችና የፈረቃ አስተባባሪዎችን ያካትታል። ዳይሬክተሩ ስለ በጀትና ቅጥር ይከራከራል፣ ከሕክምና ዳይሬክተሩ ጋር በአስተዳደር ስብሰባ ይቀመጣል። የሙያ ባህሉን የሚቀርጸው ግን፣ በዚህ ጸሐፊ እይታ፣ ከዳይሬክተሩ ይልቅ የዋርድ ኃላፊው ነው። አዲስ ነርስ ጥያቄ ስትጠይቅ የሚሰጣት መልስ፣ የመድኃኒት ስሕተት የተፈጠረ ዕለት የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል፣ የተረኞች ሰሌዳ በአድልዎ ወይም በፍትሕ መውጣቱ፣ እነዚህ ሁሉ የሚወሰኑት በዋርዱ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ ለዚህ ቦታ የሚመረጠው በአልጋ ዳር ሥራው የተመሰገነ ነርስ ነው፤ ሆኖም ጎበዝ ነርስ መሆንና ሰው መምራት ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ስለሆኑ፣ ያለ ሥልጠና የተሾመ ኃላፊ ሁሉንም ራሱ ለመሥራት ሲሞክር ይደክማል፣ ወይም የትናንት ባልደረቦቹን መገሠጽ ይከብደዋል።

የባህሉ መለኪያ ከተፈለገ የፈረቃ ርክክብን ማየት ይበቃል። ርክክብ በችኮላ ኮሪደር ላይ የሚደረግ ከሆነ ወይም በታካሚው አልጋ አጠገብ፣ ካርዱና የመድኃኒት ሰንጠረዡ ተገልጦ የሚከናወን ከሆነ፣ የቀረውን ነገር መገመት አያዳግትም። በብዙ አገሮች የተለመደው አራት ደረጃ ያለው የንግግር ሥርዓት፣ ማለትም አሁን ያለውን ሁኔታ፣ የኋላ ታሪኩን፣ የተናጋሪውን ግምገማና የሚጠየቀውን እርምጃ በተራ መናገር፣ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ወደ ሕክምና የገባ ነው። ጥቅሙ ነገሩን ማሳጠሩ ብቻ አይደለም፤ ሦስተኛውና አራተኛው ደረጃ ነርሷ የራሷን አስተያየት ለሐኪሙ እንድትናገር ያስገድዳሉ፤ ይህም በአሮጌው ልማድ እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር።

ከርክክብ ቀጥሎ ከባዱ ጉዳይ የነርስና የታካሚ ምጥጥን፣ ማለትም አንድ ነርስ ስንት ታካሚ እንደሚይዝ፣ ነው። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ በተካሄደና በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣ ሰፊ ጥናት፣ አንድ ነርስ በሚይዛቸው የቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ አንድ ሰው ሲጨመር ታካሚው በ30 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ ከማለት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ካሊፎርኒያ በ1999 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከ2004 ጀምሮ ዝቅተኛውን ምጥጥን ሥራ ላይ አውላለች፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል አንድ ነርስ ከሁለት ታካሚ በላይ መያዝ የለባትም። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ቦታ ምጥጥኑን በየፈረቃው የሚወስነው የሱፐርቫይዘሩ ብልሃት ነው፤ ነርሶችንም ከዋርድ ወደ ዋርድ ያዛውራል። የማኅበረሰብ ሆስፒታል ነርስ ሁለገብ የምትሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዛሬ ሕፃናት ክፍል፣ ነገ ድንገተኛ ክፍል ልትመደብ ትችላለች፤ በማታውቀው ክፍል ያለ ረዳት ስትመደብ ግን ሁለገብነቱ ለታካሚው አደጋ ይሆናል።

ጥሩ ባህል ነርሶችን በሥራቸው እንደሚያቆይ ቀደም ብሎ ያመለከተው የአሜሪካ የነርሲንግ አካዳሚ በ1983 ያወጣው ጥናት ነበር። በነርስ እጥረት ወቅት ከተመረመሩት 163 ሆስፒታሎች 41ዱ ነርሶችን በመሳብና በማቆየት ተለይተው ታዩ፤ እንደ ማግኔት ስለሚስቡም በዚሁ ስም ተጠሩ። በኋላ ስያሜው ሆስፒታሎች አመልክተው የሚያገኙት ዕውቅና ሆነ። ዕውቅናውን የሚሹ ተቋማት ከሚተገብሯቸው አሠራሮች ዋናው የጋራ አመራር ነው፤ የአልጋ ዳር ነርሶች በምክር ቤት ተወክለው በአሠራርና በጥራት ጉዳዮች ላይ ይወስናሉ። ትንሽ ሆስፒታል ዕውቅናው የሚጠይቀውን ወጪና የወረቀት ሥራ ላይችለው ይችላል፤ ምክር ቤቱን ለማቋቋም ግን ዕውቅናው አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ነርሶች ለስብሰባው ከሥራ ሰዓታቸው ጊዜ እንዲሰጣቸው ነው፤ ምክር ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚከስሙትም ይህ ሲጓደል ነው።

የስሕተት ሪፖርትም እንዲሁ በኃላፊው አያያዝ ላይ ይቆማል። ሳያስበው የተሳሳተን፣ አደጋን አቅልሎ ያየንና እያወቀ ሕግ የጣሰን ባለሙያ ለይቶ የሚያይ አሠራር ባለበት ዋርድ፣ ለጥቂት የተረፉ ስሕተቶች ጭምር ይመዘገባሉ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ቅጣት በሚታይበት ግን የሪፖርት ቅጹ ባዶ ይሆናል፤ ባዶነቱን የጥራት ምልክት አድርጎ የሚያቀርብ አስተዳደርም አይጠፋም።

በመጨረሻ፣ የማኅበረሰብ ሆስፒታልን ከትልልቅ ሆስፒታሎች የሚለየው ነርሱና ታካሚው ብዙ ጊዜ የሚተዋወቁ መሆናቸው ነው። ጎረቤት፣ የልጅ አስተማሪ ወይም የሥጋ ዘመድ አልጋ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ትውውቁ መተማመንን ያመጣል፤ ምስጢር መጠበቅን ግን ያከብደዋል። ስለዚህ ጠንቃቃ የዋርድ ኃላፊ የፈረቃውን ምደባ ሲያወጣ የታካሚዎቹን ስም አስቀድሞ ለተረኞቹ ያነባል፤ ዘመድ ያለበት ነርስ ምክንያቱን ሳይዘረዝር ምደባው እንዲቀየርለት ይጠይቃል፤ ካርዱንም የሚከፍተው የተመደበበት ብቻ ይሆናል።