ቡገንቪላን በቁርጥራጭ ማባዛት፦ ከባሕር ዳር እስከ ጮቄ

ቡገንቪላ እሾሃም ሐረግ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በየግቢው አጥር ላይ ሐምራዊ፣ ቀይ ወይም ነጭ ሆኖ ተንዠርግጎ ይታያል። አበባ የሚመስለን ባለ ቀለሙ ክፍል ግን አበባ አይደለም፤ ቀለም የያዘ ቅጠል ነው። እውነተኛዎቹ አበቦች መሀሉ ላይ ያሉት ትንንሽ ነጣ ያሉ ቱቦዎች ናቸው።

የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፊሊበር ኮመርሶን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1767 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ አገኘው። ስሙን የወሰደው ከመርከብ ጉዞው መሪ ከሉዊ አንቷን ደ ቡገንቪል ነው። የኮመርሶን ረዳት ዣን ባሬም ወንድ መስላ የተሳፈረች ሴት ነበረች። በባሕር ዓለምን በመዞር የምትታወቅ የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

ተክሉ ብርድ አይችልም። 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ባሕር ዳር ትመቸዋለች። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ቆላም፣ ውኃ ካገኘ፣ ይስማማዋል። ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ላይ ግን ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ቢተከል ይሻላል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚያሰኘው ብርድ ለለጋ ችግኝ ጠላት ነው። ከ4000 ሜትር በላይ የሚዘልቀው ጮቄ ላይማ ውርጩ አያስቀምጠውም።

ዘር እምብዛም ስለማይሰጥ የሚባዛው በቁርጥራጭ ነው። ብዙ ሰው ክረምትን ይጠብቃል፤ እኔ ግን ሚያዝያና ግንቦትን እመርጣለሁ። ሥር ለማውጣት ሞቃት አፈር ይፈልጋል፤ ሐምሌ ላይ አፈሩ ቀዝቅዞ ውኃ ይጠግባል። ቁርጥራጩም ይበሰብሳል።

ለጋም ያረጀም ያልሆነ፣ እርሳስ የሚያህል ቅርንጫፍ ይመረጣል። ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ቢያንስ ሦስት አንጓ ይኑረው። የታችኛው ጫፍ ከአንጓው ዝቅ ብሎ በስለታም ቢላ በሰያፍ ይቆረጣል። ቅጠሉ ይነቀላል፤ አለበለዚያ ሥር የሌለውን እንጨት ውኃውን ያስጨርሰዋል። የሥር ማብቀያ ዱቄት ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘም ብዙ አያሳስብም።

አፈሩ ላይ ግን መሳሳት አያዋጣም። ዋልካ ውኃ ይይዛል፤ ብቻውን አይሆንም። ቀይ አፈርና የወንዝ አሸዋ እኩል ተደባልቀው ከታች በተበሳሳ የችግኝ ላስቲክ ይሞላሉ። ሁለት አንጓ ይቀበራል፤ ላስቲኩ ጥላ ሥር ይቀመጣል። አፈሩ ላዩ ሲደርቅ ብቻ ውኃ ይጠጣል።

ሥር ለመያዝ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈጃል። ቀድሞ የሚወጣው ቅጠል አያታልላችሁ። እንጨቱ ውስጥ በቀረ ስንቅ ያቆጠቁጥና ሥር ሳይኖረው ደርቆ ይቀራል። ሥር ይዞ እንደሆነ ለማየት እየነቀሉ ማረጋገጥም ክፉ ልማድ ነው። የቡገንቪላ ሥር ቀጭንና ተሰባሪ ነው፤ ሲተከል እንኳ ላስቲኩ ተቀዶ አፈሩ እንዳለ ይገባል እንጂ አይራገፍም።

ከያዘ በኋላ ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል። ውኃና ፍግ ሲበዛበት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ቀለሙን የሚያወጣው በጋ ላይ ትንሽ ሲጠማ ነው። ነጩና ድርቡ ዓይነት በቁርጥራጭ እምቢ ካለ፣ እናት ተክሉ ላይ ያለን ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጎ ቆዳውን በትንሹ መፋቅና መሬት ውስጥ መቅበር ይቻላል። የሚቆረጠው ሥር ካወጣ በኋላ ነው።