ፀጉራችሁ የሚረግፈው ደም አጥቶ አይደለም

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከምሠራበት ፋርማሲ የማይጠፋ ጥያቄ አለ፦ «እታለም፣ ለራስ ደም የሚያንቀሳቅስ ቅባት አለሽ?» ጠያቂው ግንባሩ ወደ ኋላ የሸሸ ጎልማሳ፣ የምታጠባ እናት፣ ወይም የልጇን ራስ ሸፍና የመጣች ሴት ሊሆን ይችላል። ችግራቸው ለየቅል ነው። ምክንያቱን ስጠይቅ ግን ሁሉም «ደም አልደርስ ብሎት ነው» ይላሉ። ይህ እምነት ገንዘብ ብቻ ቢያስወጣ ዝም እል ነበር። የሚበላው ጊዜ ነው፤ አንዳንዱ የፀጉር ችግር ደግሞ ጊዜው ካለፈ አይመለስም።

«የራስ ቆዳ ደም በደንብ አይደርሰውም።» ልጅ ወድቆ ሲፈነከት ያየ ሰው ይህን ማመን የለበትም። ቁስሉ ጣት የማይሞላ ሆኖ ሳለ ደሙ ፊቱን ያለብሰዋል። የራስ ቆዳ ከመላ ቆዳችን ደም በብዛት ከሚያገኙት ቦታዎች አንዱ ነው። በግራ አምስት፣ በቀኝ አምስት የደም ቧንቧዎች ይመጡለታል፤ እርስ በርስም ስለተያያዙ አንዱ ቢጎዳ ሌላው ይደርስለታል።

«መላጣ የሚወጣው ቦታው ደም ሲነጥፍበት ነው።» ይህ ከተፈተሸ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ኖርማን ኦሬንትራይክ የተባለ የኒውዮርክ የቆዳ ሐኪም ከኋላ በኩል ያለውን ፀጉር ከነሥሩ እየወሰደ መላጣው ላይ ተከለ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1959 አሳተመ። የተተከለው ፀጉር እዚያው ደም የለውም በተባለው ቆዳ ላይ ማደጉን ቀጠለ። ችግሩ የደም ቢሆን ኖሮ እሱም በደረቀ ነበር። ልዩነቱ ያለው ሥሩ ላይ ነው። የብዙ ወንዶች የግንባርና የአናት ፀጉር ሥር በዘር ወርሶት ዲኤችቲ የሚባለውን ሆርሞን አይችልም፤ ከአንዱ የዕድገት ዙር ወደ ሌላው እየቀጨጨ የሚያወጣው ፀጉር እየሳሳ ይሄዳል። የኋላው ሥር ግን ይቋቋመዋል። ስለዚህ መላጣችሁን ጠዋት ማታ ብታሹት የምትጣሉት ካልተጣላችሁ ጋር ነው።

«ታዲያ ሚኖክሲዲል ደም ሥር የሚያሰፋ አይደለም?» ይህን የሚጠይቁኝ ያነበቡ ሰዎች ናቸው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር። የዋጡት ሰዎች ፀጉር ሲያበቅሉ ታየና እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ ውስጥ በሚቀባ መልኩ ለፀጉር ተፈቀደ። ደም ሥር ማስፋቱ እውነት ነው። ነገር ግን ደም ሥር የሚያሰፋ መድኃኒት ሁሉ ፀጉር አያበቅልም፤ ይሄኛው ሥራ የሚጀምረው የፀጉሩ ሥር ውስጥ ባለ ኢንዛይም ከተለወጠ በኋላ ነው። ከገዛችሁት ደግሞ አደራ፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉሩ ጭራሽ ሊብስበት ይችላል፣ ደንግጣችሁ አትጣሉት። ለውጡን ለማየት አራት ወር ገደማ ታገሡ። ስታቆሙት በእሱ የበቀለው ይረግፋል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አይቀቡትም።

«ሂጃብና ሻሽ ራስ አፍኖ ፀጉር ይገድላል።» አይገድልም፤ ሥሩ የሚተነፍሰው በደሙ ነው። ክፉው አጥብቆ ማሰር ነው።

«የደሴ ብርድ የራስን ደም ያረጋል።» በፍጹም።

«ሕፃን በተላጨ ቁጥር ፀጉሩ ይወፍራል።» ምላጭ ሥሩ ጋ አይደርስም።

«ቅቤ ፀጉር ይመግባል።» ከቆዳ በላይ ያለው ፀጉር ሕይወት የለውም፣ ምግብም አይወስድም። ለጋ ቅቤ ያለሰልሳል፣ እንዳይሰበርም ይረዳል፤ ለዚያ ብላችሁ ተቀቡት። ፎረፎር ያለበት ግን ይተወው፤ ፎረፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ የሚኖረው በቅባት ነው።

«ካቃጠለ ደሙ መጣ ማለት ነው።» ከኩታበር የመጣች እናት ነበረች፤ ልጇ አራት ወሩ ነው፣ ፀጉሯ በእፍኝ ይወጣል። ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ፣ ተለቅልቃ፣ በሻሽ አስራ አደረች። ሻሹን ስትፈታልኝ ከጆሮዋ በላይ ያለው ቆዳ ተቃጥሎ ውሃ ቋጥሯል። ከወሊድ፣ ከታይፎይድ፣ ከከባድ ትኩሳት ወይም ከቀዶ ጥገና ሁለትና ሦስት ወር በኋላ ብዙ ፀጉር መርገፉ የታወቀ ነገር ነው፤ ብዙ ሥሮች በአንድ ጊዜ ዕረፍት ስለሚገቡ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ በራሱ ይቆማል። ይህን ቀድሞ የሚነግራት ሰው ብታገኝ ኖሮ ቆዳዋ ባልተላጠ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፦ «ሹሩባ ሲጠብቅ ደም ይስባል፣ ፀጉር ያስረዝማል።»

የፋሲካና የዒድ ዋዜማ ሲሆን ወጣት ሴቶች ፓራሲታሞል ሊገዙ ይመጣሉ። ቀና ስል የአንዷ ቅንድብ ወደ ላይ ተስቧል፤ ግንባሯ ጠርዝ ላይ እያንዳንዱ ጉንጉን የተነሣበት ቦታ ቀልቶ፣ ጫፉ ነጭ የሆነ ትንንሽ ብጉር አውጥቷል። «ሠሪዋ፣ ቻይው፣ ደሙ እየመጣ ነው አለችኝ» ትለኛለች። እሱ ሥሩ ሲቆጣ ነው! መቅላቱም ማበጡም ጉዳት ነው እንጂ ዕድገት አይደለም። ፀጉር የሚረዝመው በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የእኛ ዓይነት ጥቅልል ፀጉር ደግሞ ከዚያም ዝግ ይላል። መጎተት ይህን አያፋጥነውም።

በየጊዜው የሚጎተት ሥር መጀመሪያ ይቆጣል፣ ከዚያ የሚያወጣው ፀጉር ይቀጥናል፣ በመጨረሻ ቦታው ጠባሳ ይሆናል። ከጠባሳው በፊት መጎተቱ ከቀረ ይመለሳል። ከጠባሳ በኋላ የሚቀባም የሚዋጥም አይመልሰውም። አንዲት የሐይቅ ከተማ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጥብቅ አድርገው ሲሠሯት ኖረው፣ ጆሮ ግንዷ ሲገላለጥ አክስቷ «ደም ይድረሰው» ብለው ይበልጥ አጠበቁት። እኔ ሳያት ቆዳው ልሙጥ ሆኖ ያብለጨልጫል፣ የፀጉር መውጫ ነጥብ እንኳ አይታይበትም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቆዳ ክፍል ላክኋት፤ የተነገራት እኔ የፈራሁትን ነው። አክስቷ ከመውደድ በቀር ሌላ አላሰቡም፤ ይህም ነው የሚያንገበግበኝ።

ስለዚህ እናቶች፣ እህቶች፦ የግንባርና የጆሮ ግንድ ፀጉር ላላ ብሎ ይሠራ። ከባድ አርቴፊሻል አታስቀጥሉበት። ከተፈታ በኋላ ፀጉሩን ጥቂት ሳምንት አሳርፉት። ካመመ ወይም ብጉር ካወጣ ማስታገሻ ውጦ መተኛት ሳይሆን ያኑ ማታ መፍታት ነው፤ የከፈላችሁት ገንዘብ ይቅር። ሠሪዎችም «ያማል» ስትባሉ አላሉ፤ ሙያችሁ በጥብቀት አይለካም።

ማሸትን በጠቅላላ አልጠላም። ጃፓን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት 9 ወንዶች በቀን 4 ደቂቃ ለ24 ሳምንት ራሳቸው ታሽተው ፀጉራቸው በጥቂቱ ወፍሯል። ዘጠኝ ሰው ብቻ ነው፤ የፀጉሩም ብዛት አልጨመረም። ደስ ካላችሁ በጣት ጫፍ እሹ፣ በጥፍር አትቧጥጡ።

ደም ከፀጉር ጋር በእርግጥ የሚገናኘው በደም ማነስ በኩል ነው። የወር አበባዋ የሚበዛ፣ በተከታታይ የወለደች፣ ደረጃ ስትወጣ የሚያደክማት ሴት ፀጉሯ ከሳሳ ቅባት ሳትገዛ የብረት ማዕድን መጠኗን ትመርመር። ቡናውም ከምግብ ጋር ተያይዞ አይቅረብ፤ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳል። አቦሉ አንድ ሰዓት ያህል ዘግየት ይበል።

የልጁ ራስ ላይ ክብ ክብ ሆኖ፣ ቅርፊት ይዞ፣ ፀጉሩ የተሰባበረ ከሆነ ደግሞ ቆረቆር ነው፤ ፈንገስ ነው። ቅባት ሥሩ ውስጥ አይገባለትም፤ ሐኪም አይቶት ስድስት፣ ስምንት ሳምንት የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። እስኪድን ማበጠሪያውና ምላጩ ለብቻው ይሁን፤ የወንድም የእህቶቹንም ራስ ገልጣችሁ እዩ።