ለአርክቴክቸር ተማሪዎችና ለአርክቴክቶች የሚሰጥ ስኮላርሺፕና የሙያ ድጋፍ በኢትዮጵያ

አርክቴክቸር የሚማር ወይም በሙያው የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ድጋፍ የሚያገኝባቸው መንገዶች ጥቂት አይደሉም። ችግሩ አንድ ቦታ ተሰብስበው አለመጻፋቸው ነው። ተማሪው የሚያውቀው ቀድሞት የሄደ ጓደኛው የነገረውን ያህል ብቻ ነው፤ ጓደኛ የሌለው የማመልከቻው ቀን ካለፈ በኋላ ይሰማል። ይህ ጽሑፍ ያንን ክፍተት በመጠኑም ቢሆን ለመሙላት የተዘጋጀ ነው። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው

ከ1950ዎቹ በፊት አገር ውስጥ የህንፃ ሙያ በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥበት ቦታ አልነበረም። ትልልቆቹን ህንፃዎች የሚነድፉት በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ነበሩ። መማር የፈለገ ኢትዮጵያዊ ባህር መሻገር ነበረበት። ከነዚህ ቀደምት ባለሙያዎች ስሙ ቶሎ የሚነሳው ሚካኤል ቴድሮስ ነው። ብዙዎች የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አርክቴክት ይሉታል፤ ማዕረጉን ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት ቢከብድም ከፊተኞቹ አንዱ መሆኑ አያጠራጥርም። ከእስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ጋር በከፈቱት ቢሮ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ህንፃና የፍልውሃን መታጠቢያ ነድፈዋል።

የስዊድኖቹ ዘመን

ታሪኩ በደንብ የሚጀምረው በ1954 ነው። በዚያ ዓመት በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የኢትዮ-ስዊድን የህንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ልደታ ያለው ግቢ ማለት ነው። ዛሬም ድረስ ስሙ ስንት ጊዜ ቢቀየር፣ ሰፈሩም ሆነ የድሮ ተማሪው “ህንፃ ኮሌጅ” ነው የሚለው። እኔም የዚህ ግቢ ልጅ ነኝ፤ ስለዚህ ስለሱ ስጽፍ ትንሽ ረዘም ብል ይቅር በሉኝ።

ኢንስቲትዩቱ ማስተማር ብቻ አልነበረም ሥራው። ሦስት ነገር አንድ ላይ ይሠራ ነበር፤ የህንፃ ባለሙያ ያሠለጥናል፣ ስለ አገሩ የቤት አሠራር ምርምር ያደርጋል፣ የግንባታ ዕቃ ይፈትሻል። በእኔ እይታ የዚያ ዘመን ድጋፍ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ተማሪው የሚሰጠው የኪስ ገንዘብ ወይም የአውሮፕላን ቲኬት ብቻ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ ሲያልቅ ነገሩም ያልቅ ነበር። የተሰጠው ግን መምህር፣ ላቦራቶሪ፣ ቀጥሎም የሚሠራው ሥራ ነው። ብሎኬት ምን ያህል ክብደት ይችላል፣ ባህር ዛፍ ለጣሪያ እንዴት ይውላል፣ ጭቃ ከዝናብ እንዴት ይጠበቃል፤ እነዚህን ጥያቄዎች እዚሁ አገር ውስጥ በእጅ እየሞከሩ መመለስ የሚቻልበት ቤት ተገኘ።

በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ኮሌጁም በሱ ሥር ካሉት አንዱ ሆነ። በ1964 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርደው እንዲያገለግሉ የሚያስገድደውን የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ጀመረ። አብዛኛው ተማሪ ያስተምር ነበር። ለህንፃ ተማሪ ግን ጥቅሙ እጥፍ ነበር ባይ ነኝ፤ የሚነድፍለትን ሕዝብና የሚኖርበትን ቤት ገብቶ አይቶታልና።

በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በስዊድን ገንዘብ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕንፃዎችን የሚሠራ ክፍል ተቋቋመ። በርካሽ ዋጋ፣ ኅብረተሰቡ ራሱ እያዋጣና እየተሳተፈ፣ በገጠር ብዙ ትምህርት ቤት ተሠራበት። ከዋና መንገድ ርቀው የቆሙ አሮጌ የአንደኛ ደረጃ መማሪያ ክፍሎችን ያየ ሰው የዚያን ሥራ ፍሬ አይቶ ሊሆን ይችላል። ለወጣት ባለሙያዎች ደግሞ ከዲግሪው ያላነሰ ትምህርት ነበር፤ በወረቀት የነደፉትን፣ በተወሰነ ገንዘብ፣ በሩቅ ቦታ፣ አናጢና ግንበኛ ይዘው ማቆም ነበረባቸው።

ኮሌጁ ቆይቶ ከአምስት ኪሎው ኢንጂነሪንግ ጋር በቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ሥር ገባ። ያኔ “ዘዴ” የተባለው የኢትዮጵያ ኢንጂነሮችና አርክቴክቶች መጽሔትም የባለሙያው የጽሑፍ መድረክ ነበር። መሐንዲሱና አርክቴክቱ በአንድ ማኅበር ጥላ ሥር የነበሩበት ጊዜ ነው።

ከ1974 በኋላ

በደርግ ዘመን የነጻ ትምህርት ዕድሉ አቅጣጫ ወደ ምሥራቅ ዞረ፤ ሶቪየት ኅብረት፣ ምሥራቅ ጀርመንና ሌሎቹ የሶሻሊስት አገሮች ዋና መዳረሻ ሆኑ። ከሃንጋሪ የመጣው አርክቴክት ካሮይ ፖሎኒም በ1970ዎቹ መጨረሻ እዚህ አስተምሯል፣ በአዲስ አበባ ፕላን ላይም ሠርቷል። ከ1984 እስከ 1986 የተዘጋጀው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ደግሞ በጣሊያን ትብብር የተሠራ ነው፤ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ከጣሊያኖቹ ጎን ሆነው ከተማ ማቀድን የተማሩበት ቢሮ ነበር።

ከኮንዶሚኒየም እስከ ኢአይኤቢሲ

በ2000ዎቹ ትልቁ ድጋፍ ስኮላርሺፕ ሳይሆን ሥራ ነበር። የጀርመን መንግሥት የቴክኒክ ትብብር ድርጅት የሆነው ጂቲዜድ በቦሌ ገርጂ የሞከረው የአነስተኛ ዋጋ ቤት አሠራር ወደ ከተማው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም አደገ። ጂቲዜድ የ13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎችን ግንባታም መርቷል። በነዚህ ሥራዎች አማካይነት ብዙ ተመራቂ የመጀመሪያ ደሞዙን አገኘ፣ ብዙ ትንሽ አማካሪ ቢሮም እግሩን ተከለ። ስለ ኮንዶሚኒየሙ ውበትና አቀማመጥ ክርክሩ ብዙ ነው፤ እዚህ አልገባበትም። ለወጣቱ ባለሙያ ትምህርት ቤት እንደነበር ግን ማንም አይክደውም።

የአርክቴክቸር ትምህርት ክፍሎችም በዚህ ጊዜ በዙ። መቀሌ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ድሬዳዋ፣ አዳማና ሌሎችም ማስተማር ጀመሩ። ከግሎቹ ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ አለ።

በ2010 የልደታው ግቢ የኢትዮጵያ የአርክቴክቸር፣ የህንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ሆነ፤ በአጭሩ ኢአይኤቢሲ። የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ዳይሬክተር ጀርመናዊው ዲርክ ሄበል ነበር። ከዙሪኩ የኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ እና ከቫይማሩ የባውሃውስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ጠንካራ ትስስር ተፈጠረ። የዚያ ትብብር በዓይን የሚታይ ፍሬ ሱዱ የተባለው የሙከራ ቤት ነው፤ ባለ ሁለት ፎቅ የአፈር ቤት፣ ብረትና ሲሚንቶ እንዴት መቀነስ እንደሚቻል ለማሳየት ተማሪና መምህር አብረው ያቆሙት። የስዊድኖቹ መንፈስ ተመልሶ የመጣ ነበር የመሰለኝ።

ተማሪው ዛሬ

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር የአምስት ዓመት ትምህርት ነው። ከ2003 ጀምሮ የወጪ መጋራት ደንብ አለ፤ ተማሪው ከምግብና ከመኝታው ሌላ የትምህርቱን ወጪ በከፊል ይጋራል፣ ክፍያውም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደሞዙ እየተቆረጠ ይፈጸማል። ሁሉም “ኮስት ሼሪንግ” ነው የሚለው። በወቅቱ ብዙ ቅሬታ ቢነሳበትም በሩን ለድሃ ልጅ ክፍት አድርጎ አቆይቷል።

ኮስት ሼሪንግ የማይነካው ወጪ ግን አለ። የስቱዲዮ ትምህርት ገንዘብ ይበላል። የሞዴል ካርቶንና ሙጫ፣ የኤ ዋን ህትመት፣ ሦስት አቅጣጫ ሥዕል ሲሠራ የማይንቀራፈፍ ላፕቶፕ፣ ይህ ሁሉ ከቤተሰብ ኪስ ነው። የህትመት ዋጋ በማጣት ጁሪ ላይ፣ ማለትም መምህራን ሥራውን በሚገመግሙበት መድረክ፣ በትንሽ ወረቀት ሥራውን ያቀረበ ጎበዝ ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ። ለዚህ የሚሆን ቋሚ ፈንድ ቢኖር ከብዙ የውጭ ስኮላርሺፕ የበለጠ ሰው ያድን ነበር። አሁን ያንን ቀዳዳ የሚደፍኑት የክፍል ጓደኞች ናቸው፤ አንዱ ያትማል፣ አንዱ ይቆርጣል፣ ላፕቶፑም በተራ ነው።

ከ2023 ወዲህ የመውጫ ፈተናም ተጨምሯል። ከመመረቂያ ፕሮጀክቱ ጋር ሲደራረብ የመጨረሻውን ዓመት ያከብደዋል። የመመረቂያ ሥራው ግን ራሱ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ አርኪፕሪ ኢንተርናሽናል (Archiprix) የሚባለው ውድድር በየሁለት ዓመቱ ከየዓለሙ የአርክቴክቸር ትምህርት ቤቶች አንድ አንድ ምርጥ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይቀበላል።

ለማስተርስ ወደ ውጭ

አብዛኛው ስኮላርሺፕ የሚገኘው ለማስተርስ ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ወደ ውጭ የሚወስዱት ጥቂት ናቸው፤ ከነሱ የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩምና የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ይጠቀሳሉ።

ጀርመን ዋነኛዋ ነች። የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት፣ በአጭሩ ዲኤኤዲ፣ ከልማት ጋር ለተያያዙ ትምህርቶች በሚሰጠው ፕሮግራሙ ብዙ የከተማ ዕቅድና የመሠረተ ልማት ማስተርሶችን ይደግፋል። ሽቱትጋርት ከካይሮው ዓይን ሻምስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሰጠው አንዱ ነው፣ ዶርትሙንድም አለ። ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድና ከስድስት ዓመት ያልበለጠ ዲግሪ ይጠይቃል። የወር ክፍያው በቅርብ ዓመታት ወደ 1000 ዩሮ ተጠግቷል። አርክቴክቸርን ለብቻው የሚያስተናግድ ሌላ የዲኤኤዲ ዘርፍም አለ፤ እሱ ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሥራዎቻችሁን ስብስብ፣ ይፈልጋል።

ስዊድን አሁንም አልረሳችንም። የስዊድን ኢንስቲትዩት ለባለሙያዎች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፣ በቅርብ ዙሮች በወር 12,000 ክሮና ይሰጥ ነበር። ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ ለዓመታት ነበረች፤ ዝርዝሩ ግን በየዙሩ ስለሚወጣ ማየት ግድ ነው። ሉንድ ያለው የዘላቂ ከተማ ዲዛይን ማስተርስ ለአርክቴክት የሚስማማ ነው።

ቤልጂየም ቪኤልአይአር-ዩኦኤስ በሚባለው ተቋሟ በኩል በሌቨን ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን የሰው መኖሪያ ሰፈሮች (ሂዩማን ሴትልመንትስ) ማስተርስ ለዓመታት ስትደግፍ ቆይታለች። ጣሊያን ደግሞ ኢንቨስት ዩር ታለንት የሚባል አላት፤ ኢንጂነሪንግን፣ ዲዛይንን፣ አርክቴክቸርንና ኢኮኖሚክስን ይዞ፣ ትምህርቱን ከጣሊያን ድርጅት ውስጥ ልምምድ ጋር ያያይዛል። የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ፣ የጃፓን፣ የኮሪያና የቻይና መንግሥታት ዕድሎችም አሉ።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ፤ ሰው የሚወድቀው በነጥብ ማነስ ብቻ አይደለም። የስዊድን ኢንስቲትዩቱ ስኮላርሺፕ ቢያንስ 3,000 ሰዓት የሥራ ልምድ ይፈልጋል። የእኛ ቢሮዎች ደግሞ ሰዓት ቆጥሮ የመጻፍ ልማድ የላቸውም። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ሥራዬን ከሠራሁበት ቢሮ ማስረጃ ስጠይቅ ማኅተም ያረፈበት ሁለት መስመር ተሰጠኝ፤ ቀን እንጂ ሰዓት የለውም፣ የሠራሁት ሥራም አልተጠቀሰም። ያን ዓመት አለፈኝ። ስለዚህ ሥራ የጀመራችሁ ዕለት መመዝገብ ጀምሩ፤ የትኛው ፕሮጀክት፣ የትኛው ወር፣ ስንት ሰዓት።

ሁለተኛው እንቅፋት ክፍያ ነው። ወደ ስዊድን ዩኒቨርሲቲ ለማመልከት 900 ክሮና ይከፈላል፤ ዩኒ-አሲስት በሚባለው የጀርመን ማመልከቻ ተቀባይ በኩል የሚያልፉ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ለመጀመሪያው 75 ዩሮ። ገንዘቡ ቢኖር እንኳ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለው ተማሪ ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ነው ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያለ አክስት፣ ወይም የወንድም ጓደኛ፣ ካርዱን የሚያውሰው። በየትኛውም የስኮላርሺፕ ስታትስቲክስ የማይገባ ድጋፍ ነው፤ ብዙ ሰው ግን በሱ ነው የሄደው።

ከዲግሪ በኋላ፤ ፈቃድና ማኅበር

ተመራቂ ወዲያው በስሙ ዲዛይን መፈረም አይችልም። የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው በደረጃ ነው፤ ግራጁዌት፣ ፕሮፌሽናል፣ ከዚያ ፕራክቲሲንግ ፕሮፌሽናል አርክቴክት። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው የሥራ ልምድ ነው። በ2009 የወጣው የህንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ህንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏል፤ የሕዝብ መገልገያ የሆነ ወይም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ምድብ “ሐ” ውስጥ እንዲገባ አድርጓል። ለእንዲህ ዓይነቱ ህንፃ የተመዘገበ ባለሙያ የግድ ነው። ስለዚህ ፈቃዱ እንጀራ ነው።

የኢትዮጵያ አርክቴክቶች ማኅበር የሙያው ዋና ድምፅ ነው። በአህጉር ደረጃ በ1981 ሌጎስ ላይ የተመሠረተው የአፍሪካ አርክቴክቶች ኅብረት አለ። ግን ከዲግሪው እስከ ሁለተኛው የፈቃድ ደረጃ ያሉት ዓመታት ላይ ወጣቱ የሚደገፈው በአለቃው ደግነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥሩ አለቃ የገጠመው ሳይት ይወጣል፣ ከባለቤት ጋር ስብሰባ ይገባል፣ ዝርዝር ሥዕል ይማራል። ያልገጠመው ሦስት ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ደረጃና ሽንት ቤት ሲስል ይኖራል።

አሜሪካ ለሄዱት

አዲስ አበባ ተምሮ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ የኖረ አርክቴክት ዲግሪው እንዲሁ አይቆጠርለትም። መጀመሪያ ትምህርቱ ከአሜሪካው መለኪያ ጋር ኢኢኤስኤ በሚባለው የአርክቴክቸር ዲግሪ ገምጋሚ አገልግሎት ይነጻጸራል። ከዚያ የአሜሪካ አርክቴክቶች ምዝገባ ቦርዶች ምክር ቤት በሆነው ኤንካርብ በኩል 3,740 ሰዓት ልምድ ያስመዘግባል፣ ስድስት ክፍል ያለውን ፈተና ይወስዳል። አገር ቤት በስሙ የመፈረም ፈቃድ ይዞ የሄደ ሰው ሌላ መንገድም ስላለው፣ ከመሄዱ በፊት ፈቃዱን አድሶ፣ ትራንስክሪፕቱንና የኮርስ ዝርዝሩን በእጁ ይዞ ቢወጣ ብዙ ወራት ያተርፋል። ለሚማሩ ልጆች ደግሞ የአሜሪካ አርክቴክቶች ኢንስቲትዩት ከ1970 ጀምሮ ለጥቁርና በሙያው ቁጥራቸው ላነሰ ተማሪዎች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ አለ። በ1971 ዲትሮይት ላይ 12 ጥቁር አርክቴክቶች የመሠረቱት ኖማ የተባለው የአናሳ አርክቴክቶች ብሔራዊ ድርጅትም በየከተማው ባሉት ቅርንጫፎቹ ወጣቶችን ከባለሙያ ጋር ያገናኛል።